ጨፋን ማን ይክፈት፣ ማን ይዝጋ?

በባሕር ጠረፍ ላይ ያለ ብሔራዊ ፓርክ በእግሩ ዞሮ ማየት የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ አስቀድሞ ፓስፖርት ማውጣት አለበት። ኬንያ ቢሄድ በ1968 እ.ኤ.አ. የተከለሉት የማሊንዲና የዋታሙ የባሕር ፓርኮች አሉለት። ታንዛኒያ ከዘለቀ ሰዓዳኒ ውስጥ ዝሆንና ቀጭኔ ከሕንድ ውቅያኖስ አሸዋ ብዙም ሳይርቁ ያገኛል። ኪሱም ዕረፍቱም ከሰፋለት ደግሞ አትላንቲክን ተሻግሮ ኮስታ ሪካ ይደርስና ማኑኤል አንቶኒዮ የምትባለውን፣ በስፋቷ ሳይሆን በጎብኚዋ ብዛት ስሟ የወጣውን ትንሽ ፓርክ ይረግጣል።

ማኑኤል አንቶኒዮ የተመሠረተችው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው። ጫካው እስከ ፓስፊክ ውቅያኖስ አሸዋ ድረስ ይወርዳል። ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀኑን በእንቅልፍ የሚገፋው ስሎዝ የሚሉት ቀርፋፋ እንስሳ፣ ፊታቸው የነጣ ጦጣዎች፣ ከቅጠል የማይለይ እንሽላሊት፣ ሁሉም በአንድ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ይታያሉ። ጦጣዎቹ የጎብኚ ቦርሳ ከፍተው መዝረፍ ስለለመዱ ምግብ ይዞ መግባት ተገድቧል፤ በቀን የሚገባው ሰው ቁጥር ተወስኗል፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ በሩ ጨርሶ አይከፈትም። ለከሚሴ አንባቢ ከአሸዋውና ከጦጣው ይልቅ ሊደንቀው የሚገባው ይኸኛው ነው። ከጎብኚ በሚያገኘው ዶላር የሚኮራ አገር በሳምንት አንድ ቀን ዶላሩን አልፈልግም ብሎ በር ይዘጋል። የመዝጋት ሥልጣን ያለው ሰው ደግሞ የመክፈቱ ጥቅም ይገባዋል።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከዋና ከተማዋ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ናት። ለባሕር ወሬ እንግዳ አይደለችም። ጥቂት ወደ ሰሜን ሄዶ ኮምቦልቻ ላይ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ በባቲ በኩል ቁልቁል ወርዶ፣ ሚሌን አልፎ አሰብ ይደርሳል። ከኤርትራ ጋር ጦርነት እስከተነሳበት እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የወደብ ጭነት የሚወጣውም የሚወርደውም በዚያው ነበር። ዛሬ ሾፌሩ የሚያወራው ስለ ጅቡቲ ነው፤ ባሕሩ ግን የሌላ ሰው ነው።

ቦርከናም ቢሆን ባሕር አላየም። ወንዙ ከደሴ ዙሪያ ተራሮች ተነስቶ ኮምቦልቻን ያልፍና የጨፋን ሜዳ አቋርጦ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽም የኤደን ባሕረ ሰላጤ ሩቅ ሳይሆን፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ውሃው ወደ አዋሽ ሲጓዝ ረዘም ላለ ጊዜ የሚያርፍበት ዳርቻ ቢፈለግ ያለው ጨፋ ነው። በእግር እየሄዱ የውሃ ዳር ፍጥረት ማየት የፈለገ የከሚሴ ሰው ውቅያኖስ የለውም፤ ረግረግ ግን ደጃፉ ላይ አለው።

ውሃው እዚህ የሚያርፍበት ምክንያት ጥንታዊ ነው። በምዕራብ የመንዝና የወሎ ደጋ እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ በምሥራቅ ደግሞ ወደ አፋር ከመውረዱ በፊት ዝቅ ያሉ ኮረብቶች ተሰልፈዋል። በሁለቱ መካከል ያለው መሬት በስምጥ ሸለቆው መላቀቅ የሰመጠ ነው፤ የመሬት ሳይንስ ሰዎች የቦርከና ግራበን ይሉታል። ከደጋው የሚወርደው ጅረት ሁሉ እዚህ ጎድጓዳ ውስጥ ደለሉን አራግፎ ይዘገያል። መስመጡም ገና አላበቃም። በ1953 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ላይ ካራቆሬ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ያፈራረሰ፣ አውራ ጎዳናውንም የሰነጣጠቀ ነበር፤ በዕድሜ የገፉ የአካባቢው ሰዎች ዘመን ሲቆጥሩ ዛሬም ይጠቅሱታል።

በክረምት ጨፋ ራሱን ይዘጋል። ሜዳው ውሃ ይተኛበታል፤ ደንገሉና ቄጤማው ይቆማል፤ ጭቃው እግር ይይዛል፤ ከብትም ሰውም ወደ ጠርዙ ይሸሻል። ከጥቅምት ወዲህ ውሃው ቀስ እያለ ወደ መሐል ይሰበሰብና ከኋላው አረንጓዴ ሣር ይተዋል። ዙሪያው ያለው ማሽላ ታጭዶ መሬቱ አመድ ሲመስል ጨፋ ብቻ ለምለም ሆኖ ይከርማል። ባዕድ ዓይን ከአውራ ጎዳናው ላይ በመኪና መስኮት የሚያየው ይህንን የቀለም ልዩነት ነው፤ አብዛኛው መንገደኛም ከዚያ በላይ ሳያይ ወደ ደሴ ያልፋል።

ወርዶ ጠርዙ ላይ የቆመ ሰው ሌላ ነገር ያያል። ላም ስትራመድ ሰኮናዋ ለስላሳው መሬት ላይ ጎድጓዳ ያትማል፤ ጎድጓዳው ወዲያው ውሃ ይሞላል፤ ውሃው ውስጥ ትንኝና ትል ይርመሰመሳል። ከላሟ አፍ በታች፣ ልትረገጥ ነው እስኪባል ድረስ ተጠግታ፣ ደረቷ ቢጫ የሆነ፣ ጅራቷን ሳታቋርጥ ወደ ላይና ወደ ታች የምትወዘውዝ ትንሽ ወፍ ትሮጣለች። ላሟ ሣሩን ስትነካ የሚነሳውን ነፍሳት በምንቃሯ ትለቅማለች። ይህች ወፍ የክረምት ወራቷን ጎጆ ሠርታ የምታሳልፈው በአውሮፓና በእስያ ሜዳዎች ነው። በረዶው ሲመጣ ወደ ደቡብ ትወርዳለች፤ የበጋውን ወራትም በኢትዮጵያ ሜዳዎች ላይ ከከብት እግር ሥር ታሳልፋለች። ከብቱ ከሌለ ሣሩ ከቁመቷ በላይ ይሆንባታል።

ከእሷ ከፍ ሲል ደግሞ ሽመላ አለ። የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ከአውሮፓና ከምዕራብ እስያ ወደ አፍሪካ የሚወርዱ ወፎች ከሚበርሩባቸው ዋና ዋና መስመሮች አንዱ ነው፤ ሽመላና ጭልፊት የመሳሰሉት ትላልቆቹ ሞቃቱን አየር ተንተርሰው ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ይንሳፈፋሉ። እንደ ጨፋ ያለ ረግረግ ለእነሱ ማረፊያ ነው። ጎብኚ የሚፈልገውን ትልቅ አውሬ፣ ዝሆኑን፣ አንበሳውን እዚህ የሚጠብቅ ካለ ሳይነግሩት ባይመጣ ይሻላል። ጨፋ የወፍ አገር ነው፤ ወፍ የማይወድ ሰው ሁለት ሰዓት ቆሞ መሰልቸቱ አይቀርም።

የጨፋ ሌላው ተሰዳጅ በእግሩ ይመጣል። በጋው ሲከር ከአፋር ክልል ምዕራባዊ ወረዳዎች፣ ከደዌና ከተላላክ በኩል፣ አርብቶ አደሩ ከብቱንና ግመሉን እየነዳ ወደ ጨፋ ይወጣል። በአካባቢው ያለው ኦሮሞ፣ አርጎባና አማራም ከብቱን እዚያው ያሰማራል። በ1994 ዓ.ም. ድርቅ ክፉኛ በመታ ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት የአስቸኳይ ጊዜ ክፍል በኢትዮጵያ ያወጣው ዘገባ ጨፋን የ50,000 አርብቶ አደሮችና የ200,000 እንስሳት መጠጊያ ብሎ ነበር የገለጸው። ቁጥሩ የክፉ ዓመት ቁጥር ነው። ቢሆንም ይህ ሜዳ ለምን ማንም ዝም ብሎ ሊያጥረው እንደማይችል ከማናቸውም ክርክር በላይ ያስረዳል።

አፋሩ ይህን ያህል የሚወጣው ጨፋ ጣፋጭ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የራሱ ወንዝ ዳር ተወስዶበት ነው። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ከተቋቋመበት ከ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በአዋሽ ግራና ቀኝ ያለው ምርጥ የበጋ ግጦሽ የጥጥ፣ በኋላም የሸንኮራ አገዳ እርሻ ሆነ፤ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ተንዳሆ ላይ ጥጥ የጀመረው በዚያው ዘመን ነበር። ከዚያ ፕሮሶፒስ የሚሉት እሾሃማ ዛፍ መጣ። አሸዋ ያግዳል ተብሎ የተተከለው ዛፍ ከእጅ አመለጠና ግጦሹን ወረሰ። ጨፋ ላይ የሚታየው የከብት ብዛት በከፊል ከዚያ ታች በተሠራ ሥራ የመጣ ነው። የጨፋ ገበሬም በበኩሉ ከዳር እያረሰ፣ ቦይ እየቀደደ፣ የውሃ ሞተር እየተከለ ወደ መሐል ይገፋል። እሱም ልጅ አለው፤ መሬቱ ደግሞ እንደ ልጁ አይበዛም።

እንግዲህ አንድ ቱሪዝም ወዳድ ባለሥልጣን ይህንን ሜዳ አይቶ ፓርክ ቢሆንስ ቢል አይፈረድበትም። ጥያቄው ምን ዓይነት ፓርክ የሚለው ነው። ኢትዮጵያ ከውሃ ዳር የተከለለ ፓርክ አላት፤ ታሪኩም ትምህርት አለው።

ነጭ ሳር በ1966 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ፓርክ ነው። አባያና ጫሞን የሚለየውን የእግዜር ድልድይ ይዟል። አርባ ምንጭ ከተማ ሥር ካለው የምንጮቹ ደን ውስጥ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል፤ ጫሞ ላይ በጀልባ የሄደ ሰው የአዞ ገበያ በሚሉት ዳርቻ አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ የሚሞቁ አዞዎችን፣ ከፍ ሲልም ጉማሬዎችን ያያል። ከድልድዩ ማዶ ባለው ነጣ ያለ የሣር ሜዳ የሜዳ አህያ መንጋ ይግጣል። አንድ ኢትዮጵያዊ ውቅያኖስ ሳያይ ለጠረፍ ፓርክ የሚቀርብ ነገር ማየት ከፈለገ ከዚህ የተሻለ የለውም።

ይሁንና የነጭ ሳር ወግ ያለ ቆርኬ አይወራም። የስዌይን ቆርኬ ከኢትዮጵያ ውጪ የማይገኝ ሲሆን፣ ይጠበቅልን ተብሎ ከሰንቀሌ ወደ ነጭ ሳር ተወስዶ ነበር፤ እዚያ ግን ቁጥሩ እየተመናመነ ሄዶ ከመጥፋት ጫፍ ደረሰ። የጉጂ አርብቶ አደር ከብት ሜዳውን ይግጣል፤ ከከተማው የሚመጣው ማገዶ ለቃሚ ደኑን ይቆርጣል፤ የኮሬ ገበሬም የሚያርሰው መሬት ይፈልጋል። በ1996 ዓ.ም. የኮሬ ሰዎች ከፓርኩ እንዲወጡ ተደረገ፤ በዚያው ዓመት አፍሪካን ፓርክስ የሚባለው ድርጅት ፓርኩን ሊያስተዳድር ፈረመ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ፣ የሰፋሪዎቹ ጉዳይ ሳይፈታ ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። በወረቀት ላይ ነጭ ሳር ሁልጊዜም ዝግ ነው። መሬት ላይ ግን የዘጋው አልነበረም፤ ስለዚህ ለከብቱም ለቆርኬውም በተራ የሚከፍትለት አልተገኘም።

   

የአዋሽ ፓርክም ታሪክ ሩቅ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. ሲከለል የከረዩ አርብቶ አደር የበጋ ግጦሹን አጣ፤ ሳላ የሚሉት የዱር እንስሳ ዛሬም አለ፤ ቅሬታውም ዛሬም አለ።

ለጨፋ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የሚገኘው ሕንድ ውስጥ ነው። ባራትፑር ከተማ አጠገብ ያለው ኬኦላዴኦ 29 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሆን ረግረግ ነው፤ በዓለም ላይ ከታወቁ የወፍ ሥፍራዎች አንዱ ነው። የመንደሩ ሰው ጎሽ መሰል ከብቱን ከጥንት ጀምሮ ያሰማራበት ነበር። ብሔራዊ ፓርክ ከሆነ በኋላ በ1982 እ.ኤ.አ. ግጦሽ ተከለከለ። መንደርተኛው ተቃወመ፤ ፖሊስ ተኮሰ፤ ሰው ሞተ። ከዚያ ያልታሰበው መጣ። ከብቱ ሲቀር ሣሩ ያለ ልክ አድጎ ውሃውን ሸፈነው፤ ዓሣ የሚያድኑና ክፍት ውሃ የሚፈልጉ ወፎች ቦታ ጠበባቸው። የቦምቤይ የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ለዓመታት ያካሄደው ጥናት የደረሰበት መደምደሚያ የከብቱ አፍ ለረግረጉ ጠቃሚ እንደነበረ ነው። እገዳውን የጠየቁት የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች ነበሩ፤ ጥናቱን ያካሄዱትም የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች ናቸው። የሞቱት ሰዎች ግን ጥናቱን አላዩም።

ይህ ማለት ከብት በበዛ ቁጥር ወፍ ይበዛል ማለት አይደለም። ሁለት መቶ ሺህ እንስሳ የረገጠው ረግረግ ሣሩም ጎጆውም ይደቅቃል። ልኩ የሚገኘው መቼ ገብቶ መቼ ይውጣ በሚለው ላይ ነው፤ ይህን ደግሞ ከጨፋ ምዕራባዊ ግድግዳ ላይ፣ ሽቅብ ሲታይ ደመና ውስጥ ያሉት የመንዝ ሰዎች ከየትኛውም የፓርክ ጽሕፈት ቤት በፊት ያውቁት ነበር።

የመንዝ ጓሳ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የውርጭ ሜዳ ነው። የጣሪያ ክዳን፣ ገመድና ጅራፍ የሚሆነው የጓሳ ሣር የሚበቅልበት፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ የሚኖሩበት ነው። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበረው። ሜዳው ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋል፤ በዚያ ጊዜ ማጨድም ማሰማራትም የለም። ሣሩ ሲደርስ አባ ቄራ የሚሉት የተመረጠ አለቃ ቀን ይቆርጣል፤ ሕዝቡ በተባለው ቀን ገብቶ ያጭዳል፤ በተባለው ጊዜ ይወጣል። ሥርዓቱን ያፈረሰው የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው። መብት የነበረው ጥቂቱ ባለርስት ነውና አዋጁን የደገፈ ብዙ ነበር፤ ግን አለቃው ሲቀር መዝጊያውም ቀረ፤ ሜዳው ተጎዳ። በኋላ የአካባቢው ሰው ራሱ በቀበሌዎቹ አማካይነት ኮሚቴ አቁሞ፣ የመተዳደሪያ ደንብ ጽፎ፣ ጠባቂ መድቦ መልሶ ያዘው። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ የማኅበረሰቡ ማረፊያ ቤት አለው፤ ጎብኚ የሚመራውም የአካባቢው ልጅ ነው።

ሕጉም ቢሆን መንገድ አልዘጋም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ጥብቅ ሥፍራ የፌዴራል ብቻ እንዲሆን አላደረገም፤ ክልልም ማኅበረሰብም ሊያስተዳድር ይችላል። ችግሩ ጨፋ ከጓሳ ይልቅ የተወሳሰበ መሆኑ ነው። ጓሳን የሚጠቀመው ሕዝብ አንድ ቋንቋ፣ አንድ እምነት፣ አንድ ወረዳ ነው። ጨፋ ላይ የሚገናኙት የሁለት ክልል ሰዎች ናቸው፤ አራሽና አርቢ፣ ነዋሪና እንግዳ። ለዘመናት ጉዳዩን የፈታው የሽማግሌዎች ንግግር ነው። ንግግሩ አንዳንድ ዓመት ይሳካል፤ አንዳንድ ዓመት በደም ይቋረጣል።

ከሰው ቀጥሎ ውሃው አለ። ቦርከና ጨፋ ከመድረሱ በፊት ኮምቦልቻን ያልፋል። ከተማዋ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳ፣ የቢራ፣ የሥጋና የብረት ፋብሪካዎች የተሰበሰቡባት ናት፤ በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆላታል። የፋብሪካ ፍሳሽ እንደ ለዮሌ ባሉ ትናንሽ ወንዞች በኩል ወደ ቦርከና እንደሚገባ ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ ለክተው አሳይተዋል። ረግረግ የመጣለትን ቆሻሻ በተወሰነ ደረጃ ያጣራል፤ ቄጤማውና ደለሉ ከባድ ብረቱን ይዘው ያስቀራሉ። የሚያስቀሩት ግን ከብቱ በሚግጠው ሣር፣ ወፏ በምትለቅመው ትል ውስጥ ነው። ጨፋ ላይ የተሻለው መተዳደሪያ ደንብ ቢጻፍ እንኳን፣ ደንቡ ኮምቦልቻ ላይ ካልተፈረመ ግማሽ ደንብ ነው።

ሊጎበኝ የሚመጣ ሰው ይህን ሁሉ ማሰብ ግድ የለበትም፤ መቼ እንደሚመጣ ማወቅ ግን አለበት። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ከሰሜን የመጡት ወፎች አሉ፤ መሬቱም እግር ይችላል። ጨፋ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ፀሐዩ ይበረታል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ወጥቶ ሦስት ሰዓት ላይ መመለስ ብልህነት ነው፤ ከዚያ በኋላ ወፉም ሰውም ጥላ ፍለጋ ነው። ቦቲ ጫማ፣ አቅራቢ መነጽር፣ የአልጋ አጎበር ያስፈልጋል፤ አካባቢው ወባማ ነው። ረግረጉ ውስጥ ያለ መሪ መግባት ሞኝነት ነው፤ ላይ ላዩ ሣር የሚመስል ሥሩ ውሃ የሆነ ቦታ ሞልቷል፤ መንገዱን የሚያውቀው እረኛው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጨፋ የዋለ ሰው እሑድ ሰንበቴ ገበያ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ሊደርስ ይችላል። ባቲን አብዛኛው ኢትዮጵያዊ የሚያውቃት በቅኝቷ ነው፤ ገበያዋ ላይ አፋሩ ግመሉን፣ የደጋው ሰው እህሉን፣ የቆላው ሰው ከብቱን ይዞ ሲደራደር ማየት ግን ጨፋ ላይ የታየውን መንጋ ትርጉም ይሰጠዋል። ያ ከብት የሚግጠው ለጎብኚ ፎቶ አይደለም፤ ዋጋው ሰኞ የሚቆረጥ ሀብት ነው።

ይህ ሁሉ ሰላም ሲኖር ነው። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬና አካባቢዋ ነደደች፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ድረስ ወረደ፤ ከዚያም ወዲህ አውራ ጎዳናው የሚዘጋበት ጊዜ አልጠፋም። ለጉዞ የሚነሳ ሰው የሰሞኑን የመንገድ ወሬ ከሾፌሮች መጠየቅ ይኖርበታል። ቱሪዝም ሰላም ያመጣል የሚሉ የስብሰባ ንግግሮች ቅደም ተከተሉን ያዛባሉ፤ በዚህ መንገድ ላይ ሰላሙ ቀድሞ ካልመጣ ጎብኚው ከአዲስ አበባ እንኳን አይወጣም።

ኮስታ ሪካ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ደኗ ወደ ሩብ ገደማ ወርዶባት ነበር፤ ዛሬ ከግማሽ በላይ የሚሆነው መሬቷ በደን የተሸፈነ ነው። ሥራውን የሠራው ፓርክ ብቻ አይደለም። በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የደን ሕግ ከነዳጅ ላይ ቀረጥ እየሰበሰበች፣ ደኑን ሳይቆርጥ ለጠበቀ ገበሬ ትከፍላለች። ኮርኮቫዶ በሚባለው ሌላው የጠረፍ ፓርኳ ደግሞ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈቃድ ያለው መሪ ሳይዙ መግባት አይቻልም፤ ብዙዎቹ መሪዎች የዚያው አካባቢ ልጆች ናቸው። እነዚህን ሁለቱን ወደ ጨፋ ማምጣት የሚጠይቀው ብዙ ብር አይደለም። እረኛው መሪ ሆኖ በሰዓት ይከፈለው፤ ጠርዙን ሳያርስ የተወ ገበሬ ከመግቢያ ዋጋው ይድረሰው። ከክፍያው ለአፋሩስ ምን ይድረሰው የሚለው ግን ገና ከመነሻው ሊያጣላ ይችላል።

አፋሩ ጨፋ ላይ የሚቆየው የዓመቱን ከፊል ብቻ ነው። ካርማ የሚሉት የክረምት ዝናብ ሐምሌ ላይ ወደ አፋር ሜዳ ሲጠራው ይወርዳል። የወረዳና የቀበሌ ስብሰባ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው በጀት ሲዘጋና ሲከፈት፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው። የጨፋ መተዳደሪያ ደንብ በዚያ ወቅት ከተጻፈ፣ ግማሹ ባለጉዳይ በሌለበት የተጻፈ ነው፤ ጥር ላይ ከነከብቱ ሲመለስ ስለ እሱ የተወሰነውን የሚነግረው ጠባቂው ነው። የካቲት ላይ፣ ሁሉም መንጋ ሜዳው ላይ እያለ፣ የከሚሴና የደዌ ሽማግሌዎች አንድ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሜዳው በየትኛው ሳምንት ይዘጋ፣ በየትኛው ይከፈት ቢሉ ግን ድርድሩ ረዥም ይሆናል፤ ጫቱም ቡናውም ብዙ ይፈጃል። የዞኑ የባህልና ቱሪዝም መምሪያ በዚያ ስብሰባ ላይ ሊኖረው የሚገባው ድርሻ ቃለ ጉባኤ መያዝና የቡናውን ሒሳብ መክፈል ነው።